የተራራው አደራ
በኮተቤና በእንጦጦ ኮረብታ ምሳሌነት ስለ ሰውና ስለ ፍጥረት ኅብረት የተጻፈ ትምህርት



በየቀኑ ከምንበላው፥ ከምንጠጣውና ከምንለብሰው ሁሉ አንዱን ስንኳ እኛ ከምንም አንሥተን የሠራነው የለም። እንጀራው ከጤፍ፥ ጤፉም ከአፈር፥ አፈሩም ከዝናምና ከፀሐይ ኃይሉን ይቀበላል። ሰውም ከዚህ ሁሉ በኋላ መጥቶ ይቀበላል። ነገሩ ይህን ያህል ግልጥ ሳለ በከተማ የሚኖር ሰው ፈጥኖ ይዘነጋዋል። ውኃው ከቧንቧ፥ እሳቱ ከሽቦ፥ እህሉም ከሱቅ የሚፈልቅ ይመስለዋል። የሚቀበለውን ነገር ከየት እንደ ተቀበለ የማያውቅ ሰው ደግሞ ለማንም ምስጋና አያቀርብም፤ ምስጋና የሌለውም ሰው ያገኘውን ያባክናል።

ይህ ትምህርት ስለ ሩቅ አገር አይናገርም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ስላለችው ስለ ኮተቤ፥ በላይዋም ስላሉት ስለ የካና ስለ እንጦጦ ኮረብቶች ይናገራል። ዐይኑን ወደ ላይ ቀና የሚያደርግ የኮተቤ ሰው ሁሉ መጽሐፉ በፊቱ የተዘረጋ ነውና፥ የምንለውን በዐይኑ አይቶ ሊመረምረው ይችላል።

1ኛ፤ በመንገድ ላይ የተሰጠኝ መልስ

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝን ነገር አስቀድሜ እናገራለሁ። ነገሩ ለእኔ የሚያስመሰግን ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ሸሽጌው ኖሬአለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በበጋ ወራት አንድ ሕመምተኛ ልጠይቅ ወደ የካ ኮረብታ ግርጌ ስሄድ፥ አንዲት አሮጊት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቍልቍለቱን ሲወርዱ አገኘኋቸው። ሸክሙ ከቁመታቸው ይበልጥ ነበር። ከቅጠሉ መካከልም አንድ ለጋ የጥድ ግንድ ጫፉ ጎልቶ ይታያል። እኔም ትክክለኛ ነገር የምናገር መስሎኝ፥ «እማማ፥ ይህን ጥድ ለምን ቈረጡት? ይህ እኮ የሕዝብ ደን ነው፤ የማይገባ ሥራ ነው የሠሩት» አልኋቸው።

እርሳቸውም ሸክማቸውን ሳያወርዱ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙና፥ «ልጄ፥ አንተ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በምንድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልሁ። «ስሸከመው ታየሃለህ፤ ስትበላው ግን አላየህም» አሉና መንገዳቸውን ሄዱ።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ባለቤቴን በጠየቅኋት ጊዜ፥ በዚያ ሰሞን መብራት ደጋግሞ እየጠፋ ስላስቸገረ ቅጠል ከተሸካሚ ሴቶች ትገዛ እንደ ነበረ ነገረችኝ። ጭሱም በጓሮ ይወጣ ነበር፤ ሽታውም ልብሴን ነክቶታል። እኔ ግን በቤቴ ሳለሁ አላስተዋልሁትም፤ በመንገድ ላይ በሌላ ሰው ጀርባ ባየሁት ጊዜ ግን ኃጢአት ሆኖ ታየኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር በልቤ ቀረ። አንደኛው፥ የአሮጊቷ መልስ እውነት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ እውነት ቢሆንም የተቈረጠው ጥድ ተመልሶ አለመብቀሉ ነው። ባሕር ዛፍ ቢቈርጡት ከጉቶው ደግሞ ያቈጠቍጣል፤ የአገራችን ጥድ ግን አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ከጉቶው አያቈጠቍጥም። ስለዚህ ድኻውን በመውቀስ ብቻ ደኑ አይድንም፤ ድኻውን ይቅር በማለት ብቻም አይድንም። ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ሰው በፍጥረት መካከል ያለው ስፍራ

ብዙ ሰዎች፥ «ምድር ለሰው ተሰጥታለች፤ እንግዲህ እንደ ወደደ ያድርጋት» ይላሉ። የተሰጠበትን ቃል ግን አያስተውሉም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው የመጀመሪያው ሰው በአትክልት ስፍራ በተቀመጠ ጊዜ ሁለት ሥራ ተሰጠው፤ አንዱ ማልማት፥ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ሁለቱ ሊለያዩ አይገባም። ማልማትን ትቶ የሚጠብቅ ሰው ይራባል፤ መጠበቅን ትቶ የሚያለማም ሰው ልጆቹን ያስርባል።

በኦሪት ሕግ ደግሞ ብዙዎች ሳያስተውሉ የሚያልፏቸው ትእዛዞች አሉ። ሠራዊት አንዲት ከተማን ከብቦ ቢዋጋ የፍሬ ዛፎችን እንዳይቈርጥ ተከልክሏል። የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። እርሻም በሰባተኛው ዓመት እንዲያርፍ ተደንግጓል። የሦስቱም መንፈስ አንድ ነው፤ ይኸውም ለዛሬ ፍላጎትህ ስትል የነገውን ምንጭ አትንካ ማለት ነው። በጦርነት መካከል ስንኳ ዛፍ የሚራራለት ከሆነ፥ በሰላም ጊዜ ያለ ምክንያት የሚቈርጥ ሰው ምን መልስ ይሰጣል?

እንግዲህ ሰው በምድር ላይ ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ ነው። ባለአደራ ከአደራው እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል፤ እንዲያጠፋው ግን አልተፈቀደለትም። አደራ በላ መባል በአገራችን እንዴት ያለ ነውር እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን።

3ኛ፤ ተራራው በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት ተራቈተ

ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው በእንጦጦ በተቀመጡ ጊዜ በዚያ አካባቢ ጥድ፥ ወይራና ኮሶ ይገኝ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከብርዳሙ ተራራ በታች በፍል ውኃው አጠገብ ያለውን ስፍራ ወድደው አዲስ አበባ ብለው ሰይመውት ነበር። እንግዲህ ይህች ከተማ ከውኃ አጠገብ የተወለደች፥ ከተራራው እንጨትም የተሠራች ናት።

ሰው በበዛ ቍጥር ለቤት ምሰሶ፥ ለአጥር፥ ለማገዶም የሚቈረጠው ዛፍ በዛ። የተከለ ግን አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ እንጨት ከሩቅ ይመጣ ጀመር። በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በዚያ ግንብ አስጀመሩ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ አድርግ! ታላቅ ከተማ ጠላት ሳይነካት፥ መቅሠፍት ሳይወርድባት፥ ማገዶ ስላለቀባት ብቻ ልትፈርስ ተቃርባ ነበር።

በዚያ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፥ ከአውስትራልያ ምድር የመነጨ አንድ ዛፍ በውጭ አገር ሰዎች አማካይነት ወደ አገራችን ገባ። ሕዝቡ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ አለው። ምኒልክም ሰው እንዲተክለው አበረታቱ። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፥ ቢቈረጥ ያቈጠቍጣል፥ ከብትም ቅጠሉን አይበላበትም። ስለዚህ በጥቂት ጊዜ ኮረብታውን ሸፈነው፤ ከተማውም ከመነቀል ዳነ።

ባሕር ዛፍን የሚሰድቡ ሰዎች ይህን ውለታ ሊረሱ አይገባም። የሚያመሰግኑት ሰዎች ደግሞ ጉዳቱን ሊሸሽጉ አይገባም። ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ የወደቀውም ቅጠል ለማገዶ በየቀኑ ስለሚጠረግ ምድሩ ዕራቁቱን ይቀራል። በችግር ቀን የተጠራ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ረዳቱ ባለቤቱን ከቤቱ አስወጥቶ ብቻውን ሲቀመጥ ቤቱ የቀድሞው ቤት አይሆንም።

4ኛ፤ ዛፍ ለውኃ ምን ይሠራል

አንዳንድ ሰው፥ «ዛፍ ለጥላና ለእንጨት ነው፤ ከውኃ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ነገሩን በቅደም ተከተል እንመልከተው።

በአዲስ አበባ አካባቢ የዓመቱ ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። እንግዲህ በአራት ወር የተቀበልነው ውኃ ለዐሥራ ሁለት ወር ሊበቃን ያስፈልጋል። ይህን ውኃ የሚያጠራቅምልን የመጀመሪያው ጎተራ ሰው የሠራው ግድብ አይደለም፤ የተራራው አፈር ነው።

የዝናም ጠብታ በተራቈተ ኮረብታ ላይ ሲወርድ አፈሩን ይመታዋል፤ አፈሩም ይፈርሳል፥ ቀዳዳው ይደፈናል፥ ውኃውም ወደ ውስጥ መግባት አቅቶት በላይ ይሮጣል። ሲሮጥም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በደን ውስጥ ግን ጠብታው አስቀድሞ ቅጠልና ቅርንጫፍ ያገኛል፤ ከዚያም በወደቀው ቅጠልና በሣሩ ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል፤ ሥሩ በከፈተለት መንገድም ወደ መሬት ውስጥ ይሠርጋል። በክረምት የሠረገው ውኃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ከኮረብታው ግርጌ ይወጣል። በላይ ደኑ ሲጠፋ ከታች ሁለት ክፉ ነገር አብሮ ይመጣል፤ በክረምት ጎርፍ፥ በበጋ ደረቅ ምንጭ። ይህ ቍጣ አይደለም፤ የሥራችን ዋጋ ነው።

የወደቀ ቅጠል ከንቱ ቆሻሻ የሚመስለው ሰው እንግዲህ ይማር። ቅጠሉ የአፈሩ ልብስና ምግብ ነው። ሁልጊዜ የሚገፈፍ ሰው እንደሚበርደውና እንደሚራብ፥ ቅጠሉ ሁልጊዜ የሚጠረግበት ኮረብታም እንዲሁ ነው።

5ኛ፤ ኮረብታው ከማእዳችን ጋር ያለው ማሰሪያ

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ይህ ጫፍ ውኃን ለሁለት የሚከፍል ድንበር ነው። ወደ ሰሜን የወረደው ዝናም በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ወደ ደቡብ የወረደው በቀበናና በሌሎች ጅረቶች ወደ አቃቂ፥ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በአንዱ ሸንተረር ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ፥ ሁለተኛው ወደ በረሓ ይለያያሉ።

አሁን የአሮጊቷን ጥያቄ ደግመን እንጠይቅ፤ እንጀራችን የሚጋገረው በምንድር ነው? ዛሬ በኮተቤ ብዙ ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል፤ የሚጋግርም ሰው ከደን ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከወንዝ ኃይል የሚገኝ ነው። በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተሠራ፤ በዓባይ ላይም ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከእንጦጦ ደቡብ የተጠረገ አፈር ወደ ቆቃ፥ ከሰሜኑም የተጠረገ አፈር ወደ ዓባይ ይወርዳል። አፈር በግድብ ውስጥ ሲሞላ የውኃው ስፍራ ይጠባል፤ የቆቃ ሐይቅ ከዚህ የተነሣ ብዙ ደለል ተሸክሟል። አባቶቻችን፥ «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉት በከንቱ አይደለም። አሁን ማደሪያ ሠራንለት፤ ከግንዱ ጋር የሚያመጣውን አፈር ካላስቀረንለት ግን ማደሪያው ይሞላበታል።

ስለ ቧንቧ ውኃም እንዲሁ ነው። ከኮተቤ በስተምሥራቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የተሠራው የለገዳዲ ግድብ ለከተማው ውኃ ይሰጣል። እርሱም በዙሪያው ካለው ምድር ጎርፍ ይቀበላል፤ በዙሪያው የታረሰና የተራቈተ ኮረብታ ካለ ውኃውም አፈር ቀላቅሎ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። ከየቤታችንና ከየፋብሪካው ወደ ጅረት የምንጥለው ቆሻሻ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በዚያ ወንዝ ዳር አትክልተኞች በውኃው ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። በማለዳ በድልድይ ላይ ሆኖ የጣለ ሰው በሌላ ቀን በማእዱ ላይ ያገኘዋል። ከፍጥረት ጋር ያለን ማሰሪያ ይህን ያህል ቅርብ ነው።

6ኛ፤ ከእንስሳት ጋር ስላለን ኅብረት

ሰውና እንስሳ እንዴት እንደ ተሳሰሩ ከክፉ ቀን ይልቅ የሚያስተምር ታሪክ የለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ከብቱን እያጨደ ከሰሜን እስከ ደቡብ አለፈ። በሬው ሲሞት እርሻው ቆመ፤ እርሻው ሲቆም ሰው ተራበ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ይህ ጊዜ ክፉ ቀን ተባለ። ንጉሡ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት በመቆፈር፥ በሬ የሌለው ሕዝብ በእጁ እንዲያርስ በሥራ እንዳሳዩ ተጽፏል።

በሬ የገበሬው አገልጋይ ይመስል ነበር። በሬው በሞተ ጊዜ ግን የቤቱ ምሰሶ እርሱ እንደ ነበረ ታወቀ። ይህ በሽታ ኋላ በክትባትና በብዙ አገሮች ትብብር ተሸነፈ፤ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። ከዚህም የምንማረው ሁለት ነገር ነው። በሽታው በሰው መንገድ ገባ፤ የጠፋውም በሰው ዕውቀትና ትጋት ነው። እንግዲህ ሰው በፍጥረት መካከል ለጥፋትም ለፈውስም ብርቱ ነው።

7ኛ፤ ከቀደሙት ሰዎች የምንማረው

የራሳችንን መልካም ነገር ሳናውቅ ከሩቅ ብቻ መማር የለብንም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በመናገሻ ተራራ እንዳስተከሉ ይነገራል። የመናገሻ ደን ዛሬም አለ። የተከሉት ሰዎች በጥላው አልተቀመጡም፤ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጣነው እኛ ተቀመጥንበት።

በየካ ኮረብታ ላይ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። በእርሱና በሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ዛፍ መቁረጥ እንደ ነውር ስለ ተቈጠረ፥ በሌላ ስፍራ የጠፋው ዛፍ በዚያ ተርፏል። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ ከላይ ሲታዩ በታረሰ ሜዳ መካከል እንዳሉ አረንጓዴ ደሴቶች ይመስላሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች መርምረዋል፤ ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይበላም በዙሪያቸው የድንጋይ ካብ እንዲካብ ከሕዝቡ ጋር ደክመዋል። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ከእነዚያ አባቶች ጋር በሁሉ ነገር አንድ አይደለሁም። ነገር ግን ዛፍን በመጠበቅ ከእኛ ይልቅ የታመኑ ሆነው ስለ ተገኙ መምህሮቻችን ናቸው ብዬ እመሰክራለሁ።

የአገር ቍጥቋጦን የሚንቅ ሰው ደግሞ የእንዶድን ነገር ይስማ። እናቶቻችን በእንዶድ ፍሬ ልብስ ያጥቡ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። ከዚህ አንድ ትዝብት ታላቅ ምርምር ተጀመረ፤ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ስለዚህ ሥራ በዓለም ፊት ተሸለሙ። እንዶዱ ቀድሞም በጓሯችን ነበረ፤ የጐደለው የሚያስተውል ዐይን ነበር። ኮሶ ትልን ማስወጣቱን፥ የወይራ ጭስ የወተት ዕቃ ማጠኑን፥ ግራዋ ጋን ማጠቡን እናቶቻችን ያውቃሉ። ዛፉ ከጠፋ ዕውቀቱም አብሮ ይጠፋል።

8ኛ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ

በመጀመሪያ፥ መትከልን ከማሳደግ አንለይ። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን እንደ ተተከለ ተነግሯል፤ ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ ሕዝቡ ይተክላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ችግኝ እንደ ሕፃን ነው፤ መውለድ ብቻ አያሳድገውም። እኔም ከወንድሞች ጋር አንድ ክረምት ሃያ ችግኝ ተክለን፥ ዘምረን፥ ተደስተን ተመለስን። በሚያዝያ ወር ብቻዬን ሄጄ ባየሁ ጊዜ በሕይወት ያገኘሁት አራት ብቻ ነበር፤ ሌላውን ፍየልና ድርቅ ጨርሶታል። ስለዚህ ሃያ ተክሎ ከመርሳት ሦስት ተክሎ ማጠርና ማጠጣት ይሻላል።

ሁለተኛ፥ የአገሩን ዛፍ እናስቀድም። በእንጦጦ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ ቀስ በቀስ ለመተካት ይደከማል፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውም የእንጦጦ መናፈሻ ብዙ ሰው ወደ ተራራው እንዲወጣ አድርጓል። ለመናፈስ የሚወጣ ሰው ጥዱን ከባሕር ዛፉ፥ ወይራውን ከኮሶው መለየት ይማር። ስሙን የማናውቀውን ነገር አንጠብቅም።

ሦስተኛ፥ በማገዶ እንቈጥብ። ኤሌክትሪክ ያለው በኤሌክትሪክ ይጋግር፤ የሌለው ደግሞ ማገዶን እስከ ግማሽ የሚቀንሰውን ምርጥ የሚባለውን ምድጃ፥ ለከሰልም ላቀች የሚባለውን ይጠቀም። ይህ ለደኑ ብቻ ሳይሆን ጭስ ለሚያቃጥላት ለቤቱ እመቤት ዐይንና ሳንባም ነው።

አራተኛ፥ ቆሻሻ ወደ ጅረት አንጣል። በጎረቤትህ ደጅ ላይ ልታፈስሰው የምታፍርበትን ነገር ወደ ወንዝ አታፍስሰው፤ ወንዝ ወደ ብዙ ጎረቤቶች ደጅ የሚሄድ መንገድ ነውና።

አምስተኛ፥ ተሸካሚዎቹን እናስብ። ከእንጦጦ ሠላሳና ከዚያ የሚበልጥ ኪሎ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና እኅቶች ሌላ እንጀራ ቢያገኙ ይህን ሥራ መርጠው አይውሉበትም። አንዳንዶቹ ከማገዶ ሸክም ወጥተው በሸማ ሥራና በጥልፍ ለመኖር ተደራጅተዋል። ከእነርሱ ነጠላና ፎጣ የሚገዛ ሰው ዛፍ እንደ ተከለ ይቈጠር። ለደኑ የምንራራ ከሆንን ለደኑ ቈራጭ ሌላ መንገድ እንፈልግ፤ አለዚያ ርኅራኄአችን በድኻ ጀርባ ላይ የተጫነ ሌላ ሸክም ይሆናል።

በተለይ እናንተ በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፥ ነገ በየአውራጃው መምህራን ትሆናላችሁ። ከእያንዳንዳችሁ በኋላ ብዙ መቶ ሕፃናት ይቆማሉ። አንድ ሕፃን የወደቀ ቅጠል ለአፈር ምን እንደሚሠራ በአንድ ቀን ቢማር በዕድሜው ሁሉ አይረሳውም።

መደምደሚያ

ከዚያ ቀን በኋላ አሮጊቷን እፈልግ ነበር። በሌላ ጊዜ በዚያው መንገድ አገኘኋቸውና፥ «እማማ፥ ያን ጊዜ ስለ ተናገርሁዎ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ቆይተው፥ «እኔም ያን ጥድ ባልቈርጠው ይሻለኝ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ እዚህ ቍልቍለት ላይ ምንጭ ነበረ» አሉኝ። እርሳቸውም እኔም ከዚህ በላይ ቃል አልጨመርንም። ሸክማቸውን እስከ መንገዱ ዳር ተቀብዬ ወሰድሁ፤ ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ተሸክሜው ትከሻዬ ለሦስት ቀን አመመኝ።

አንባቢ ሆይ፥ በተራራውና በአንተ መካከል ያለው ማሰሪያ በዚያች ሴት ጀርባ በኩል ያልፋል፤ በቧንቧህና በሽቦህም በኩል ያልፋል። አላየሁትም ብትል ማሰሪያው አይቈረጥም። እንግዲህ አስበህ ተቀበል፥ አመስግነህ ተጠቀም፥ ከወሰድኸውም መልስ። ባለአደራ ሆኖ መገኘት ይህ ነው።

ለማሰላሰል የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ትናንት የበላኸው እንጀራ በምን ተጋገረ? ማገዶው ወይም ኃይሉ ከየት መጣ?
2. ዋና ከተማውን ከአዲስ አበባ ለማንሣት ያሳሰበው ምን ነበር? ከዚያስ ምን እንማራለን?
3. በክረምት የወረደ ውኃ በበጋ ምንጭ ሆኖ እንዲወጣ ምን ያስፈልጋል?
4. በሰፈርህ ካሉት ዛፎች ስንቱን በስማቸው ታውቃለህ?
5. ባለፈው ክረምት የተከልኸው ችግኝ ዛሬ በሕይወት አለን? ሄደህ እይ።